ደንብና ልዩ ሁኔታ፦ የሲኤስኤስ ሃክ ታሪክና የስታይል ሺት አደረጃጀት

ድረ ገጽ በዋናነት በሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይሠራል። አንደኛው ኤችቲኤምኤል ሲሆን የገጹን ይዘት፣ ማለትም ርእሱን፣ አንቀጹን፣ ዝርዝሩንና ሥዕሉን በየዓይነቱ ለይቶ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ሲኤስኤስ ሲሆን ያ ይዘት በምን ቀለም፣ በምን የፊደል መጠን፣ በምን ስፋትና በየትኛው ቦታ እንደሚታይ ይደነግጋል። የሲኤስኤስ ደንቦች ተሰብስበው የሚጻፉበት ፋይል ስታይል ሺት ይባላል። ደንቦቹን አንብቦ በስክሪን ላይ ወደሚታይ ገጽ የሚለውጠው ደግሞ ብራውዘር፣ ማለትም እንደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ክሮም ያለው ፕሮግራም ነው። አንድ ደንብ በየትኛውም ብራውዘር አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት ሲገባው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ሳይሆን ቀረ። በዚህ የተቸገሩት የድረ ገጽ ባለሙያዎች ልዩነቱን ለማካካስ የአንዱን ብራውዘር የንባብ ስሕተት እንደ ወንፊት እየተጠቀሙ፣ አንዱ የሚያነበውን ሌላው እንዳያነበው የሚያደርግ አጻጻፍ ፈጠሩ፤ ሃክ የሚባለው ይህ አጻጻፍ ነው።

የሃክ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ሶፍትዌር ኩባንያዎች ፉክክር ታሪክ ነው። ፉክክሩ የማይካድ ቢሆንም፣ ለሙያው የሚበጀው ትምህርት ያለው በሌላው ገጽታው፣ ማለትም ባለሙያዎቹ ማካካሻውን የት እንዳስቀመጡትና ምክንያቱን እንዴት እንዳሰፈሩት በሚያሳየው ክፍል ላይ ነው። ሃክን ከመደበኛው ደንብ ጋር ቀላቅለው የጻፉ ሰዎች ብራውዘሩ በታረመ ጊዜ ገጾቻቸው ሲበላሹባቸው፣ ለይተው ያስቀመጡት ግን ጊዜው ያለፈበትን ፋይል ሰርዘው ሥራቸውን ቀጥለዋል። የዛሬው የስታይል ሺት አደረጃጀት በአብዛኛው የተገኘው ከዚህ ልዩነት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ

ሲኤስኤስን በመጀመሪያ ያቀረበው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ሲሆን፣ ረቂቁን ይፋ ያደረገው በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን ሲሠራ፣ በ10 ኦክቶበር 1994 ነበር። በዚያው ጊዜ ኔዘርላንዳዊው በርት ቦስ አርጎ ለተባለው ብራውዘሩ የራሱን የገጽታ ቋንቋ እያዘጋጀ ስለነበር ሁለቱ ሥራቸውን አዋሐዱ። የድርን ቴክኒካዊ መስፈርቶች ለማውጣት በ1994 የተቋቋመው የዓለም አቀፉ ድር ጥምረትም የመጀመሪያውን የሲኤስኤስ መስፈርት በ17 ዲሴምበር 1996 አጸደቀ።

በመስፈርቱ ውስጥ ለኋለኛው ታሪክ ወሳኝ የሆኑ ሁለት ድንጋጌዎች ነበሩ። የመጀመሪያው፣ ደንቦች እርስ በርስ ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ መሠረት እኩል ክብደት ካላቸው ሁለት ደንቦች ኋላ የተጻፈው ይጸናል። ሁለተኛው፣ ብራውዘር የማያውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥመው የቀረውን ሳያበላሽ ያንን ብቻ ዘሎ እንዲያልፍ የሚያዘው ነው። ይህ ሁለተኛው ድንጋጌ ቋንቋው ወደፊት አዳዲስ ትእዛዞችን እየጨመረ እንዲያድግ፣ የቆዩ ብራውዘሮችም አዲሱን ገጽ በአቅማቸው እንዲያሳዩ አስቻለ፤ ዳሩ ግን አንዱ የሚዘለውን ሌላው የሚያነብ እስከሆነ ድረስ በአንድ ፋይል ውስጥ ለሁለቱ የተለያየ ትእዛዝ መስጠት ስለሚቻል፣ ሃክም የገባው በዚሁ በር ነበር።

ብራውዘሮቹ መስፈርቱ እስኪጸድቅ አልጠበቁም። የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ለተጠቃሚ የቀረበው በኦገስት 1996፣ መስፈርቱ ገና ረቂቅ ሳለ ነበር። በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ 4 ደግሞ የሲኤስኤስን ደንቦች በውስጡ ጃቫስክሪፕት ወደተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቀይሮ የሚሠራ ስለነበር፣ ተጠቃሚው ጃቫስክሪፕትን ሲያጠፋ የገጹ ገጽታ በሙሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። የመስፈርቱ ቃል አንድ ሆኖ አፈጻጸሙ በየቤቱ በመለያየቱ፣ በ1998 ጄፍሪ ዜልድማንን ጨምሮ ጥቂት ባለሙያዎች የድር ስታንዳርዶች ፕሮጀክት የተባለውን ንቅናቄ መሥርተው ኩባንያዎቹ ለመስፈርቱ እንዲገዙ መወትወት ጀመሩ።

የሳጥኑ ስሌት

ከልዩነቶቹ ሁሉ ብዙ ያነጋገረው የሳጥን ስሌት የሚባለው ነው። በሲኤስኤስ እያንዳንዱ የገጹ ክፍል እንደ አራት ማዕዘን ሳጥን ይቆጠራል፤ ሳጥኑ በመካከሉ ይዘት፣ በይዘቱ ዙሪያ ውስጣዊ ክፍተት፣ በክፍተቱ ዙሪያ ደግሞ ጠርዝ አለው። ባለሙያው ስፋቱ 300 ፒክስል፣ ውስጣዊ ክፍተቱ በየጎኑ 30፣ ጠርዙም በየጎኑ 20 ይሁን ብሎ ቢጽፍ፣ እንደ መስፈርቱ 300 የይዘቱ ብቻ ስፋት ስለሆነ በሁለቱ ጎን 60 የክፍተት እና 40 የጠርዝ ተጨምሮ ሳጥኑ በስክሪን ላይ 400 ፒክስል ይይዛል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 እና 5.5 ለዊንዶውስ ግን 300ውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ጠቅላላ ስፋት አድርገው ስለሚወስዱት፣ ሳጥኑ 300 ሆኖ ለይዘቱ የሚተርፈው 200 ብቻ ነበር። ጎን ለጎን በተደረደሩ ሦስት ዓምዶች ላይ እንዲህ ያለ የ100 ፒክስል ልዩነት ሲደጋገም ገጹ ተበታትኖ እንደሚታይ መገመት አያዳግትም።

ችግሩን ለመሻገር ታንቴክ ቼሊክ የፈጠረው የሳጥን ሃክ በረቂቅነቱ ይጠቀሳል። በደንቡ ውስጥ በመጀመሪያ ስፋቱ 400 ነው የሚል ለአሮጌው ስሌት የሚስማማ ትእዛዝ ይጻፋል። ቀጥሎ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነቡ መሣሪያዎች የድምፁን ዓይነት የሚመርጥ፣ በስክሪን ላይ ግን ምንም ለውጥ የማያመጣ ትእዛዝ ይገባል፤ እሴቱም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የተቀመጠ የደንብ መዝጊያ ቅንፍ ነው። መስፈርቱን በትክክል የሚያነብ ብራውዘር ቅንፉ የጥቅሱ አካል መሆኑን ተረድቶ ወደ ፊት ሲቀጥል፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ደንቡ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎት ያቆማል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስፋቱ 300 ነው የሚለውን እውነተኛ ትእዛዝ የሚያነቡት ትክክለኞቹ ብቻ ይሆናሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ኦፔራ የተባለ ብራውዘር ደግሞ ስሌቱን በትክክል እየሠራ በንባቡ ግን በዚያው ስፍራ ስለሚሰናከል፣ ለእርሱ ሲባል እውነተኛውን ስፋት የሚደግም ሌላ ደንብ ከሥር ይጨመር ነበር። አንድን ስፋት ለመናገር የተጻፈው ደንብ በዚህ ሁኔታ ራሱን ለማስተካከል ሌላ ማስተካከያ የሚፈልግ ሆነ።

በዚያው ጊዜ ግን ያለ ሃክ ችግሩን የሚያስቀር መንገድ ነበር። ስፋቱን ለውጭው ሳጥን፣ ክፍተቱንና ጠርዙን ደግሞ በውስጡ ለሚገባ ሌላ ሳጥን የሰጠ ባለሙያ፣ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ላይ ስለማይገናኙ ስሌቱ በሁሉም ብራውዘር አንድ ይሆንለታል። ዋጋው በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ አንድ ትርፍ ኤለመንት፣ ማለትም ይዘት የሚይዝ ክፍል፣ መጨመር ሲሆን፣ ትርፉ ደግሞ በማንም ስሕተት ላይ ያልተመሠረተ ጽሑፍ ማግኘት ነው። ልዩነቱ እንዳይነሣ አድርጎ መንደፍ ከተነሣ በኋላ ከማካካስ ይቀድማል የሚለው መርሕ ቀስ በቀስ ሥር የሰደደው በእንዲህ ያሉ ምርጫዎች ነው።

ብራውዘር ሠሪዎቹም በበኩላቸው አሮጌ ገጾችን ሳያበላሹ ስሌቱን የሚያርሙበት ብልሃት ፈለጉ። በማርች 2000 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ለማኪንቶሽ፣ የማሳያ ሞተሩ ግንባታ በቼሊክ የተመራ ሲሆን፣ በገጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚጻፈውን የሰነድ ዓይነት መግለጫ፣ ማለትም ዶክታይፕ የሚባለውን፣ እያየ ገጹን በአዲሱ መስፈርት ወይም በአሮጌው ልማድ ያሳይ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በ2001 ይህንኑ መንገድ ስለተከተለ ትክክለኛ ዶክታይፕ ለያዘ ገጽ የሳጥኑን ስሌት አረመ።

መለየትና መቀላቀል

ሃኮቹ ከአመጣጣቸው ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ዓይነት ፋይልን ከፋይል የሚለይ ነበር። ኔትስኬፕ 4 ኢምፖርት የተባለውን፣ አንዱን ስታይል ሺት ከሌላው ውስጥ የሚጠራ ትእዛዝ ስለማያውቀው፣ ባለሙያዎች ቀላሉን ገጽታ በመደበኛው ፋይል ጽፈው ውስብስቡን በኢምፖርት በሚጠራ ሁለተኛ ፋይል ያስቀምጡ ነበር። አሮጌው ብራውዘር ያልተዋበ ነገር ግን የሚነበብ ገጽ ሲያሳይ አዲሱ ሙሉውን ያሳያል፤ አሮጌው ከአገልግሎት ሲወጣም በደንቦቹ ውስጥ የሚታረም አንድም ቃል አይኖርም።

ሁለተኛው ዓይነት በደንቡ ውስጥ የሚቀላቀል ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 እና ከእርሱ በፊት የነበሩት ዕትሞች ከገጹ ዋና ኤለመንት በላይ ሌላ የማይታይ ኤለመንት ያለ ስለሚመስላቸው፣ ከዋናው ኤለመንት ስም በፊት ኮከብ የተጻፈበትን ደንብ እነርሱ ብቻ ይፈጽሙት ነበር። እንደዚሁም በንብረት ስም፣ ማለትም ስፋት ወይም ቁመት በሚለው ቃል ፊት ሰረዘ ሥር ምልክት ሲደረግ፣ ሌሎቹ የማይታወቅ ንብረት ነው ብለው ሲዘሉት እነርሱ ምልክቱን ቸል ብለው ያነቡታል። ሆሊ ሃክ በመባል የታወቀው ደግሞ በኮከቡ ደንብ አማካይነት ለተበላሸው ሳጥን 1 በመቶ ቁመት በመስጠት የብራውዘሩ ሞተር ሳጥኑን እንደ አዲስ እንዲያሰላው የሚያስገድድ ነበር። እነዚህ አጫጭርና በቃል የሚያዙ ስለሆኑ በፍጥነት ተስፋፉ፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ያለ ተተኪ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ውስጥም በሺህ በሚቆጠሩ ደንቦች መካከል ተበትነው የማን እንደሆኑና ለምን እንደተጻፉ የማይታወቁ ሆኑ።

የዚህን አካሄድ ድክመት ቀድመው ከተናገሩት አንዱ ኔዘርላንዳዊው ፒተር-ፖል ኮኽ ነው። የብራውዘሮችን ልዩነት በመመዝገብ የታወቀው ኮኽ፣ ሲኤስኤስ ቀላል ሆኖ መቆየት እንዳለበትና ሃክ ይህንን ቀላልነት እንደሚያሳጣው ይሞግት ነበር። ሞሊ ሆልዝሽላግ በበኩሏ ሃክን ፈጽሞ ማስቀረት ያልቻለ ሰው በተለየ ፋይል ያስተዳድረው የሚለውን አቋም አስፋፋች። የሁለቱ ሐሳብ ልክነት በተግባር የተረጋገጠው ብዙም ሳይቆይ ነበር።

የ2005 ማስጠንቀቂያ

በኦክቶበር 2005 የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገንቢዎች ሰባተኛው ዕትም ሲወጣ ብዙ ገጾች ሊበላሹ እንደሚችሉ አሳውቀው፣ ባለሙያዎች በስታይል ሺቶቻቸው ውስጥ ያሉትን ሃኮች እንዲያስወግዱ ጥሪ አቀረቡ። ምክንያቱን ለመረዳት የሃክን ውስጣዊ አሠራር ማየት ይበቃል። የኮከቡ ሃክ በሁለት ስሕተቶች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ብራውዘሩን ለመለየት የሚያገለግለው የንባብ ስሕተት ሲሆን፣ ሌላው ሊካካስ የተፈለገው የአቀማመጥ ስሕተት ነው። ሁለቱ በምንም የማይገናኙ ሆነው ሳለ፣ ሃኩን የጻፈው ሰው አብረው ኖረው አብረው እንደሚታረሙ ቆጥሮ ጽፎታል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 ግን የንባቡን ስሕተት አርሞ ከአቀማመጥ ስሕተቶቹ አንዳንዶቹን እንደያዘ ሊወጣ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ማካካሻው ሳይነበብ ስሕተቱ ብቻ ይቀራል። በተቃራኒው ደግሞ ስድስተኛው ዕትም እንዳያያቸው በአዲስ አጻጻፍ የተደበቁ ደንቦች ለሰባተኛው ሁሉም ይገለጡለታል።

በምትኩ የቀረበው ኮንዲሽናል ኮሜንት፣ ማለትም ባለ ቅድመ ሁኔታ ማስታወሻ ነው። በኤችቲኤምኤል ውስጥ የሚጻፍ ማስታወሻ በማንኛውም ብራውዘር የማይታይ ሲሆን፣ ከአምስተኛው ዕትም ጀምሮ ያለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን በማስታወሻው መጀመሪያ ላይ ዕትሙን የሚጠራ ቅድመ ሁኔታ ካገኘ በውስጡ ያለውን ያነብ ነበር። በዚህ መንገድ ባለሙያው ዋናውን ስታይል ሺት በመስፈርቱ ብቻ ጽፎ፣ ከእርሱ በታች ለስድስተኛው ዕትም ብቻ የሚጫን ትንሽ ፋይል ያክላል፤ ኋላ የተጻፈው ስለሚጸናም ሁለተኛው ፋይል የሚለያዩትን ጥቂት ደንቦች ብቻ ይሽራል። የሚለየው በስም እንጂ በስሕተት ስላልሆነ የሌላው ዕትም መታረም አይነካውም። ሥርዓቱ ግን የራሱ ሸክም ነበረው፤ ተጨማሪው ፋይል የገጹን መጫን ያዘገያል፣ ስለ አንድ ሳጥን የሚናገሩ ደንቦችም በሁለት ቦታ ተከፍለው አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። በ2008 ፖል አይሪሽ ያቀረበው ዘዴ ይህንን አቃለለ፤ በእርሱ ዘዴ ቅድመ ሁኔታው ፋይል በመጫን ፈንታ ለገጹ የብራውዘሩን ዕትም የሚጠቅስ የክፍል ስም ይሰጣል፣ ልዩ ደንቡም በዚያ ስም ተጠርቶ ከመደበኛው አጠገብ ይጻፋል። በሁለቱም ዘዴዎች ልዩ ሁኔታው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጠርቷል።

አደረጃጀት እንደ ሙያ

ከዚህ በኋላ ትኩረቱ ከእያንዳንዱ ስሕተት ወደ መላው ስታይል ሺት ቅርጽ ዞረ። የመጀመሪያው እርምጃ መነሻውን እኩል ማድረግ ነበር፤ እያንዳንዱ ብራውዘር ለርእስ፣ ለአንቀጽና ለዝርዝር የራሱ የሆነ መነሻ ክፍተትና መጠን ስለሚሰጥ፣ ከልዩነቱ ብዙው የሚመነጨው ባለሙያው ገና ምንም ሳይጽፍ ነው። ኤሪክ ማየር በ2007 ያሰራጨው ሪሴት እነዚህን መነሻዎች ወደ ባዶ ይመልሳል፤ ኒኮላስ ጋላገርና ጆናታን ኒል ያዘጋጁት ኖርማላይዝ ደግሞ ጠቃሚዎቹን ሳያጠፋ የሚለያዩትን ብቻ ያስማማል። የኖርማላይዝ ፋይል ለአደረጃጀቱ ምሳሌ የሚሆንበት ዋና ምክንያት ከእያንዳንዱ ደንብ በላይ የትኛውን ብራውዘር ለማረም እንደተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻ መያዙ ነው፤ ስለዚህ ያ ብራውዘር ሲቀር የትኛው መስመር እንደሚወጣ ለመወሰን ምርምር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ደንቦቹን በክፍል የማዋቀር ሥርዓቶች መጡ። ኒኮል ሰሊቫን የገጽታ ክፍሎችን በገጹ ውስጥ ካላቸው ቦታ ነጻ አድርጎ የመጻፍን መንገድ አስተማረች፤ የሩሲያው ያንዴክስ ኩባንያ ባለሙያዎች ለክፍሎችና ለንዑስ ክፍሎች ወጥ የሆነ የስያሜ ሥርዓት አበጁ፤ ጆናታን ስኑክ በ2011 ደንቦችን በመሠረት፣ በአቀማመጥ፣ በሞጁል፣ በሁኔታና በገጽታ መድቦ መጽሐፍ ጻፈ። የእነዚህ ሥርዓቶች ዓላማ ከሃክ የሰፋ ቢሆንም ሃክን የመቀነስ ኃይላቸው ግን ቀላል አልነበረም፤ አንድ ክፍል በአንድ ቦታ ብቻ ሲገለጽ የአንድ ብራውዘር ስሕተትም አንድ ጊዜ ብቻ ይካካሳል።

በ2013 እንግሊዛዊው ሃሪ ሮበርትስ ያቀረበው ሐሳብ የዚህን ሁሉ ዓመት ልምድ ያጠቃልላል። ሮበርትስ በጥድፊያ የተጻፉ ማካካሻዎች ሁሉ ሼም፣ ማለትም እፍረት፣ በተባለ አንድ ፋይል እንዲሰበሰቡና ከእያንዳንዳቸው ጋር የየትኛው ክፍል እንደሆኑ፣ ለምን እንዳስፈለጉ፣ ችግሩን እንዴት እንደሚፈቱና ጊዜ ሲገኝ በምን መንገድ በትክክል ሊስተካከሉ እንደሚችሉ እንዲጻፍ ሐሳብ ሰጠ። በዚህ አሠራር ሃክ የጻፈ ሰው አይወቀስም፤ ሳይመዘግብ የጻፈ ግን ይጠየቃል። ቡድኑም ፋይሉን በከፈተ ቁጥር ያለበትን ዕዳ መጠን በዓይኑ ያያል።

ከብራውዘር ስም ወደ ችሎታ

ልዩ ሁኔታን በስም መጥራት በስሕተት ከማሽተት ቢሻልም፣ ብራውዘሮች በየጊዜው ስለሚለወጡ ስምም ዘላቂ መለያ አይሆንም። በ2009 ፋሩክ አቴሽ የጀመረው ሞደርናይዘር ብራውዘሩን ማን ነህ ከማለት ይልቅ ይህን ማድረግ ትችላለህን ብሎ የሚፈትን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ነበር። ይኸው ሐሳብ በኋላ ሰፖርትስ በሚባል ትእዛዝ በራሱ በሲኤስኤስ ውስጥ ተካቶ ከ2013 ወዲህ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ተስፋፋ፤ በእርሱ ሥር የተጻፈ ደንብ የሚፈጸመው ብራውዘሩ የተጠየቀውን ንብረት የሚችል ሲሆን ብቻ ነው።

በመካከሉ ግን ሌላ ዓይነት ልዩነት ተፈጥሮ ነበር። ብራውዘር ሠሪዎች ገና ያልጸደቁ ንብረቶችን ለሙከራ ሲያወጡ በስማቸው ፊት የየራሳቸውን መለያ፣ ዌብኪት ወይም ሞዝ የመሰለ ቅድመ ቅጥያ ያደርጉ ነበር። ለአማርኛ ጽሑፍ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በዝርዝር ውስጥ ተራን በሀ፣ ለ፣ ሐ ፊደላት ወይም በ፩፣ ፪፣ ፫ አኃዝ ማመልከት ነው፤ የፋየርፎክስ ሠሪ የሆነው የሞዚላ ሞተር ይህን የሚያውቀው በራሱ ቅድመ ቅጥያ በሚጀምሩ ስሞች ስለነበር በዚያ የተጻፈው ደንብ በሌላ ብራውዘር አይሠራም ነበር። በኋላ የወጣው የተራ ምልክቶች መስፈርት የግዕዝ አኃዝን ያለ ቅድመ ቅጥያ ደነገገ፤ ጸሐፊው የፈለገውን የፊደል ተራ ራሱ የሚገልጽበትን ትእዛዝም ጨመረ። በሰፊው ድር ግን ቅድመ ቅጥያው ከሙከራ አልፎ የዕለት ሥራ ሆነ። ብዙ የስልክ ገጾች የዌብኪትን ብቻ ይጽፉ ስለነበር፣ ሌሎች ኩባንያዎች የተፎካካሪያቸውን ቅድመ ቅጥያ ለመቀበል ወደ ማሰብ ሲደርሱ፣ የሲኤስኤስ የሥራ ቡድን ተባባሪ ሰብሳቢ ዳንኤል ግላዝማን በፌብሩዋሪ 2012 ባለሙያዎች ሁሉንም ብራውዘሮች እንዲያስቡ ተማጽኖ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አውቶፕሪፊክሰር የተባለ መሣሪያ ጸሐፊው መስፈርቱን ብቻ እንዲጽፍ አድርጎ ቅድመ ቅጥያዎቹን ራሱ ይጨምር ጀመር፤ የክሮም ሠሪዎችም በ2013 አዲስ ቅድመ ቅጥያ ላለማውጣት ወሰኑ።

የታሪኩ ፍርድ

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 10 በ2012 ኮንዲሽናል ኮሜንትን ሲተው፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ደግሞ በ15 ጁን 2022 ከአገልግሎት ሲሰናበት የጥንቱ ሃክ ዒላማውን አጣ። የሳጥኑ ክርክርም ያልተጠበቀ ፍጻሜ አገኘ፤ ስሌቱን ባለሙያው ራሱ የሚመርጥበት ቦክስ-ሳይዚንግ የተባለ ንብረት ከመጣ በኋላ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው ጠርዙንና ክፍተቱን በስፋቱ ውስጥ የሚያጠቃልለውን፣ ማለትም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 እንደ ስሕተት የተቆጠረውን ስሌት ነው። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሌየር የተባለውን ትእዛዝ ተቀበሉ፤ ይህ ትእዛዝ ደንቦችን በንብርብር መድቦ የትኛው ንብርብር በየትኛው ላይ እንደሚጸና አስቀድሞ ያስታውቃል። ለሃያ ዓመታት በፋይል ቅደም ተከተልና በስምምነት ይጠበቅ የነበረው ሥርዓት በቋንቋው ውስጥ ሕጋዊ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታይ ሃክ የጻፉትን ትውልድ መንቀፍ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ገጾቹ መነበብ ነበረባቸው፣ ብራውዘሮቹም በእጃቸው አልነበሩም። በእጃቸው የነበረው የጽሑፋቸው አደረጃጀት ነው፤ በዚህ ረገድ ታሪኩ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። መስፈርቱ በቅድሚያ ይጻፋል፤ ልዩነቱ እንዳይነሣ ማድረግ ሲቻል ንድፉ ይለወጣል፤ ካልተቻለ ልዩ ሁኔታው ከደንቡ ተለይቶ፣ ምክንያቱ ተጽፎና ሲበቃው የሚነሣበት መንገድ ታውቆ ይቀመጣል። ዛሬም የአንድ ስልክ ብራውዘር ከሌላው በጥቂቱ መለየቱ አልቀረም፤ ነገም አዲስ ንብረት በወጣ ቁጥር አንዱ ቀድሞ ሌላው ይዘገያል። ይህንን ሥርዓት የያዘ ስታይል ሺት ግን ብራውዘሮች በተለወጡ ቁጥር ከመበላሸት ይልቅ እየቀለለ ይሄዳል፤ ከጸሐፊው የሚጠበቀው ጊዜ ያለፈባቸውን መስመሮች መሰረዝ ብቻ ነውና።